ከሱቅ ደጃፍ እስከ ስንብት፦ የዕረፍት ጊዜ አማርኛችን

ጥር 3 ቀን 2017፣ ከዕረፍት መልስ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ የሰባተኛ ክፍል የአማርኛ መምህር ስለታመሙ ክፍሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሰሌዳው ላይ የድርሰት ርዕስ ጻፍኩ፦ «አገር ቤት በዕረፍት ሄጄ የገዛሁት፣ የበላሁትና የተሰናበትኩት»። ብዙም አላሰብኩበትም። በታኅሣሥ ከእኛ ቤተሰቦች ከፊሉ በአውሮፕላን፣ ከፊሉ በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ አገር ቤት ስለሚገባ፣ ልጆቹ የሚጽፉት አያጡም ብዬ ነው።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ወረቀት ስሰበስብ አንዲት ልጅ ስሟንና ቀኑን ብቻ ጽፋ ሰጠችኝ። «ምነው ልጄ?» አልኳት። «እኛ እኮ አንሄድም፤ ወረቀታችን አይፈቅድም» አለችኝ። ቅሬታ አልነበረባትም፤ ሁሉ ሰው የሚያውቀውን ነገር ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዱት አድርጋ ነው የነገረችኝ። በስደተኛ ወረቀት የሚኖር ቤተሰብ ወደ ሸሸው አገር ለዕረፍት እንደማይሄድ እኔም አውቃለሁ። ማወቅ ሌላ፣ ርዕስ ሲሰጡ ማስታወስ ሌላ ሆኖብኝ ነው።

በዚያው ምሽት የሄዱትን ልጆች ድርሰት አነበብኩ። ከእነርሱ የአንዱን ሐሳብ ላሳጥረው፦ ሱቅ ሄድን፤ አክስቴ ገዛችልኝ። ምግብ ቤት ሄድን፤ አጎቴ አዘዘልኝ። አየር ማረፊያ ሄድን፤ አያቴ አለቀሰች። ግሶቹን አሰመርኩባቸው። ከመሄድ በቀር ልጁ ራሱ ያደረገው ነገር የለም። የቀሩትም ከዚህ ብዙ አይርቁም ነበር። ጠይቄ እንደተረዳሁት ነገሩ እንዲህ ነው፦ ልጆቻችን አማርኛ ይሰማሉ፤ ቤት ውስጥም ይናገራሉ፤ ሱቅ ደጃፍ ሲደርሱ ግን የአክስት ልጆች እንዳይስቁባቸው ዝም ይላሉ። ናይሮቢ ውስጥ ብቻቸውን ማታቱ ተሳፍረው፣ ተከራክረው፣ ገዝተው የሚመጡ ልጆች አዲስ አበባ ላይ እንደ ሕፃን በእጅ ይመራሉ።

ስለዚህ ርዕሱን ሰርዤ አራት ቅዳሜ ስለ መግዛት፣ ስለ መብላትና ስለ መሰናበት ተማርን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ትምህርት ማስታወሻ ነው። ወላጆችም እንድታነቡት እፈልጋለሁ፤ ከፊሉ ጥፋት የእኛ ነውና።

«ቀንስልኝ» ወይስ «ይቀንሱልኝ»?

እንግሊዝኛ ሲያዝዝም ሲለምንም ለሁሉም ሰው አንድ መልክ ይበቃዋል። ስዋሂሊ ለአንድ ሰውና ለብዙ ሰው ይለያል፤ ወንድና ሴት ግን አይለይም። አማርኛ አራት መልክ አለው። ባለሱቁ ወጣት ወንድ ከሆነ «ቀንስልኝ»፣ ወጣት ሴት ከሆነች «ቀንሺልኝ»፣ በዕድሜ የሚበልጧችሁ ከሆኑ «ይቀንሱልኝ»፣ ብዙ ከሆኑ «ቀንሱልኝ» ትላላችሁ። ስጠኝ፣ ስጪኝ፣ ይስጡኝ፣ ስጡኝ፤ መዝንልኝ፣ መዝኚልኝ፣ ይመዝኑልኝ፣ መዝኑልኝ። ክፍል ውስጥ ይህን በዜማ ጭምር ብለነዋል፤ ጎረቤት ክፍል ያሉት መምህር በሩን አንኳኩተው እስኪለምኑን ድረስ።

ልጅ አማርኛን የሚማረው ለእርሱ ከሚነገረው ነው። ወንዱ ልጅ ቀኑን ሙሉ «ና፣ ብላ፣ ተቀመጥ» ሲባል ስለሚውል አያቱንም «ተቀመጥ» ይላቸዋል። ሴቷ «ነይ፣ ብዪ» ስትባል ስለምትውል አጎቷን «ነይ» ትለዋለች። አገር ቤት ያደገ ልጅ መንገድ ላይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ጎረቤት ቤት ሌሎቹን መልኮች ይሰማል። የእኛ ልጆች የሚሰሙት ከእናትና ከአባት አፍ ብቻ ነው። እናትና አባት ደግሞ በልጁ ፊት እርስ በርሳቸው በእንግሊዝኛ ካወሩ፣ ልጁ ሌሎቹን መልኮች ከየትም አያገኛቸውም። «ልጄ ባለጌ ሆነብኝ» ብለው ቢሮዬ የመጡ አባት ነበሩ። ልጁ ባለጌ አልነበረም፤ «እርስዎ» የሚባል ቃል ከሰው አፍ ሰምቶ አያውቅም እንጂ።

ስለ መጠሪያም እንዲሁ። ናይሮቢ ላይ በዕድሜ የገፉትን «ምዜ»፣ እናቶችን «ማማ» ትላላችሁ፤ ለሽማግሌ «ሺካሞ» ብላችሁ «ማራሃባ» ትባላላችሁ። ይህን የምታውቁ ልጆች አክብሮት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የጎደላችሁ ቃሉ ነው። ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ «ጤና ይስጥልኝ» ወይም «እንደምን ዋሉ»፤ ከዚያ «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ አረጋዊት ከሆኑ «እማማ»፣ እኩያ ከሆነ «ወንድሜ»፣ «እህቴ»። ዋጋ የሚጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው።

ወዳጅ ቃላትና አሳሳች ቃላት

ከስዋሂሊ ጋር ያለን ዝምድና ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሱቅ እነርሱ ዘንድ ሶኮ ነው፤ ሚዛን ሚዛኒ፣ ሂሳብ ሄሳቡ፣ ሩብ ሮቦ፣ ስኳር ሱካሪ፣ ሳሙና ሳቡኒ፣ ሎሚ ሊማው፣ ሻይ ቻይ፣ ሰዓት ሳ፣ ሻንጣ ደግሞ ሻንታ። አንዳንዱ ቃል በነጋዴ አፍ ወደ ሁለቱም የገባ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ስዋሂሊ ከዐረብኛ የወሰደው፣ እኛ ከግእዝና ከዐረብኛ ዝምድና ያገኘነው ነው። የገበያ ቃላት በብዛት የሚመሳሰሉት ገበያተኛ ከአገር አገር ስለሚዞር ነው።

አሳሳቾቹ ግን ብር ያስከፍላሉ። በስዋሂሊ «ሳባ» ሰባት ነው፤ በአማርኛ «ሰባ» ሰባ ነው፤ አሥር እጥፍ። አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ «ሰባ ብር» ሲባል አሥር ብር አውጥቶ መልሱን እየጠበቀ ቆሟል። «ሃያ» ደግሞ በስዋሂሊ «እሺ» ማለት ነው። ባለሱቋ «ሃያ!» ስትል ዋጋውን እየነገረችህ እንጂ በአንተ ዋጋ እየተስማማችልህ አይደለም። ሦስተኛው የሚያስቅ ነው። «ባዶ» በስዋሂሊ «ገና ነው» ማለት ሲሆን፣ አንዲት እናት እንደነገሩኝ ልጃቸው አዲስ አበባ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጁ «ጨረስክ?» ሲለው «ባዶ!» ብሎ መለሰ፤ አስተናጋጁም ግማሽ ጥብስ የቀረበትን ሳህን «ባዶ ነው» የተባለ መስሎት አነሣው። ወንድምን በስዋሂሊ የሚጠሩበትን ቃል ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ጮክ ብላችሁ አትጥሩ፤ ምክንያቱን እናቶቻችሁን ጠይቁ።

መስፈሪያም ልዩነት አለው። እዚህ በጎሮጎሮ የሚሰፈረው፣ ሁለት ኪሎ ያህል በሚይዘው ጣሳ ማለቴ ነው፣ አገር ቤት በጣሳ ወይም በቁና ይሰፈራል። እዚህ «ፉንጉ» የምትሉት ክምር አገር ቤት «መደብ» ነው፤ ቲማቲምም ቃሪያም በመደብ ይሸጣል። ጎመን በእስር፣ በርበሬ በኪሎ። የኬንያ የበቆሎ ጆንያ 90 ኪሎ ነው፤ የእኛ ኩንታል 100 ኪሎ። ከልጆቹ አንዱ «ታዲያ አገር ቤት ጤፍ በኩንታል ሲገዛ በኬንያ ጆንያ ስንት ይሆናል?» ብሎ ጠይቆ ክፍሉን ሁሉ ወደ ክፍልፋይ ሂሳብ መልሶብኛል፤ መልሱ አንድ ጆንያና አንድ ዘጠነኛ ነው።

«ርካሽ ነው!»

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ ተማሪያችን ታኅሣሥ ውስጥ ከአክስቱ ጋር ጫማ ሊገዛ ይሄዳል። ዋጋውን ሲሰማ፣ የአማርኛው ነገር ያን ቀን ተሳክቶለት፣ ሱቁን ሁሉ እስኪሰማ «በጣም ርካሽ ነው!» ይላል። አክስቱ ዝም አለች። መንገድ ላይ የጫማው ዋጋ የወር ደመወዟን ምን ያህል እንደሚወስድ ነገረችው። አክስቱ መምህርት ናት። ልጁ ይህን የነገረኝ ከሁሉ በኋላ ቀርቶ ብቻችንን ስንሆን ነው፤ በፈቃዱ ነው የጻፍኩት።

ነገሩን በሂሳብ አየነው። በታኅሣሥ 2016 ግድም አንድ ዶላር በባንክ 56 ብር ያህል፣ በኬንያ ደግሞ 155 ሺሊንግ ያህል ነበር። ስለዚህ 1000 ሺሊንግ 360 ብር አካባቢ ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ፤ የብር ዋጋ በፍጥነት ወረደ። የኬንያ ሺሊንግ በአንጻሩ በዚያው ዓመት ተጠናክሮ ነበር። በታኅሣሥ 2017 አንድ ዶላር 125 ብር ያህል፣ 129 ሺሊንግ ያህል ሆነ። ያው 1000 ሺሊንግ ያን ጊዜ 970 ብር ግድም ነበር። አንድ ብርና አንድ ሺሊንግ እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

በአንድ ዓመት ውስጥ የልጁ ኪስ ሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ወፈረ፤ እርሱ ግን ምንም ተጨማሪ ሥራ አልሠራም። የአክስቱ ደመወዝ የሚከፈለው በብር ነው። የዘይቱና የጫማው ዋጋ ደግሞ ቆሞ አልጠበቃትም። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ አንድ ልማድ አወጣን፦ ዋጋ ስንሰማ ወደ ሺሊንግ ብቻ አንመልስም፤ «እዚህ የሚሠራ ሰው ይህን ለመግዛት ስንት ቀን ይሠራል?» ብለንም እንጠይቃለን። ጥያቄው ለናይሮቢም ያገለግላል። ሰፈር ሱቅ ዘይት በትንሽ በትንሹ እየተቀዳ፣ ሳሙና በቁራጭ፣ ስኳር በሩብ ኪሎ የሚሸጠው ለምን እንደሆነ፣ በትንሹ መግዛት በመጨረሻ ለምን የበለጠ እንደሚያስከፍል ልጆቹ ራሳቸው ደረሱበት። «ካዶጎ» የምንለው ነው፤ በአማርኛ «ችርቻሮ» ቢባል ይቀርበዋል።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ኤምፔሳ በኬንያ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለ ልጆቻችን ጥሬ ገንዘብ መቁጠር ሳይለምዱ አድገዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌብር በ2013፣ ኤምፔሳ ደግሞ በ2015 ሥራ ጀምረዋል። ስሙ አንድ ነው ብላችሁ የኬንያውን ስልካችሁን አውጥታችሁ ባለሱቁ ፊት አትቁሙ፤ አገልግሎቱ የየአገሩ ነው። ጥሬ ብር ያዙ፤ ስትከፍሉ «ከመቶ ብር ነው» ብላችሁ የሰጣችሁትን ተናገሩ፤ መልሱን እዚያው ቁጠሩ። ባለሱቁ ፊት መልስ መቁጠር ነውር አይደለም።

ምግብ ቤት

የታኅሣሥ ዕረፍት ከሞላ ጎደል በሙሉ በገና ጾም ውስጥ ይውላል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ይዘልቃል። ስለዚህ ጿሚ ዘመድ ይዞ ምግብ ቤት የገባ ልጅ፣ ራሱ ጿሚ ባይሆን እንኳ፣ መጀመሪያ «የጾም ምን አላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ አያቱ ፊት ላይ የሚያየውን ነገር ገንዘብ አይገዛውም። በያይነቱ ወይም ተጋቢኖ ሽሮ ካለ ነገሩ አለቀ። ሙስሊም ተማሪዎቻችን ሥጋው የማን እንደሆነ መጠየቅን ከሕፃንነታቸው ስለሚያውቁት በዚህ ክፍለ ጊዜ አስተማሪዎቹ እነርሱ ነበሩ። ክትፎ ያዘዘ ደግሞ «ጥሬ፣ ለብለብ ወይስ የበሰለ?» ሲባል ሦስቱን መለየት አለበት፤ አንገት ነቅንቆ ጥሬ የመጣለት አለ።

እጅ ታጥቦ በእጅ መብላት ለናይሮቢ ልጅ አዲስ አይደለም፤ ኛማ ቾማና ኡጋሊ ያስተምራሉ። ለብዙዎቹ የከበደው ሌላው ነው። ሰው እየበላችሁ ሲደርስ «እንብላ» ትላላችሁ፤ የኬንያው «ካሪቡ» ወንድም ነው። ጉርሻ ሲመጣ አፍ ይከፈታል፤ ስልክ ይቀመጣል። አጎት «በሞቴ» ካለ ልመናው ከልብ ነው ማለት ነው፤ ጠግባችሁም ቢሆን ትንሽ ትቀምሳላችሁ። ሂሳብ ሲመጣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ወረቀቱን ቢነጣጠቁ ጠብ አይደለም፤ አትደንግጡ፤ ፖሊስም አትጥሩ። ይህን የምለው ቀልድ ፈልጌ አይደለም፤ አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ አልቅሳለች።

ያ ወረቀት ግን ጥሩ የሂሳብ ትምህርት አለው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ምግብ ቤቶች ዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ ከዚያ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨምራሉ። ምግቡ 800 ብር ነው እንበል። ልጆቹ ሁሉ «25 በመቶ፣ ስለዚህ 1000 ብር» አሉኝ። አይደለም። መጀመሪያ 80 ብር ተጨምሮ 880 ይሆናል፤ ታክሱ የሚሰላው ከ880ው ላይ ስለሆነ 132 ብር ነው፤ ድምሩ 1012። አሥራ ሁለቷ ብር የመጣችው በአገልግሎቱ ላይ ከተጣለው ታክስ ነው። ናይሮቢ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝሩ ላይ የምታዩት ዋጋ ሁሉንም ያካተተ ነው፤ ደረሰኙ ግርጌ ላይ 16 በመቶ ታክስና 2 በመቶ የቱሪዝም ቀረጥ ተለይተው ይጻፋሉ። 1180 ሺሊንግ ከከፈላችሁ ምግቡ ራሱ 1000 ነው፤ 160 ታክስ፣ 20 ቀረጥ። ከ1180 ላይ 18 በመቶ ቀንሳችሁ 1000 ለማግኘት ሞክሩ፤ አይመጣላችሁም። ለምን እንደማይመጣ ያገኘ ልጅ መቶኛን ገብቶታል።

የዕረፍቱ መጨረሻ

በ2017 የኬንያ ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት ሰኞ ታኅሣሥ 28 ነበር፤ ገና የዋለው ማክሰኞ ታኅሣሥ 29። አብዛኞቹ ልጆች ገናን ሊደርሱበት አንድ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ከአያቶቻቸው ቤት ወጡ። ዶሮው ግቢ ውስጥ እየዞረ፣ ቄጤማው ሳይጎዘጎዝ። «ገናን እንኳ ሳታሳልፉ?» የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ልጁ ቃል ያስፈልገዋል። «ትምህርት ቤት ተከፈተ» እውነት ነው፤ ግን ደረቅ ነው። «እማማ፣ ልባችን እዚሁ ነው፤ ትምህርት ቤት ሆኖብን እንጂ» ብትሉ ያው እውነት ነው፤ ግን ይለሰልሳል። ክፍሉ ውስጥ ደጋግመን ተለማመድነው፤ መጀመሪያ እየሳቅን፣ በኋላ ሳንስቅ።

የሰዓት ነገር እኔን ራሴን ጉድ አድርጎኛል። ከዓመታት በፊት የአራት ሰዓት፣ ማለትም ትኬቱ ላይ 10፡00 የሚል፣ የጠዋት በረራ ነበረን። ናይሮቢ ብዙ ቆይቼ አፌ ተቀይሮ፣ ለታክሲው ሹፌር በስልክ «ነገ በሰባት ሰዓት ና» አልኩት። እኔ ያሰብኩት በእንግሊዝኛው ነው፤ እርሱ የሰማው በአማርኛው፣ ማለትም ምሳ ሰዓት ላይ። ማለዳ ሻንጣ ደጅ አውጥተን ብንጠብቅ የሚመጣ የለም። ጎረቤት መኪና ባይኖረው ኖሮ አውሮፕላኑ ጥሎን ይሄድ ነበር። የሚገርመው ስዋሂሊ ብናገር ኖሮ አልሳሳትም ነበር፤ የስዋሂሊ ሰዓትም እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጠር «ሳ ሳባ» ልክ የእኛ ሰባት ሰዓት ነው። ያሳሳተኝ እንግሊዝኛው ነው።

ወደ ሻንጣው። ሚዛኑ ላይ 23 ኪሎ ሲልና ሲያልፍ ሁላችሁም አይታችኋል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ከሽሮሜዳ የተገዛ ነጠላ፣ ደግሞ «ይችን ብቻ አድርሱልኝ» ተብሎ በአደራ የመጣ የሰው ዕቃ። ወላጆች አንድ ነገር አስታውሱ፦ ኬንያ ከነሐሴ 2009 ጀምሮ (በአውሮፓውያን ከ28 ኦገስት 2017) ፌስታል ከልክላለች፤ ቅጣቱ እስከ 4 ሚሊዮን ሺሊንግ ወይም እስከ አራት ዓመት እስራት ሊደርስ ይችላል። አገር ቤት ዘመድ በፌስታል ቋጥሮ የሰጠውን እዚያው በጨርቅ ከረጢት ወይም በዕቃ መልሱት። አንዲት ተማሪ እንደጻፈችው፣ ናይሮቢ ሲደርሱ ፈታሹ የእናቷን ሻንጣ ከፍቶ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል እናትየው ተደናገሩ፤ ልጅቷ ቀደም ብላ በስዋሂሊ «ኡንጋ ነው፤ ይሄኛው ፒሊፒሊ» ብላ አስረዳች። ሁለት ሳምንት ሙሉ አዲስ አበባ ላይ አክስቷ የተናገረችላት ልጅ ማለት ናት።

የስንብቱ ዋና ነገር ግን ምርቃት ነው። አያት እጃቸውን ዘርግተው «በሰላም ግቡ፤ ዕደጉ፤ ለከርሞ በጤና ያገናኘን» ሲሉ በየመሃሉ «አሜን» ይባላል። ልጆቻችን ብዙዎቹ እስከ መጨረሻ ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ወይም «ቴንኪው» ይላሉ። አያቶች ምርቃቱን የሚያስረዝሙት «አሜን» ስለሚሰሙ ነው፤ ዝም ካላችሁ ያሳጥሩታል።

ኢስሊ

አራተኛውን ቅዳሜ ከክፍል አወጣኋቸው። ኢስሊ ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት ነጋዴ ሱቃቸውን ለአንድ ሰዓት አበደሩን፤ ምስር፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ እጣን፣ የቡና ረከቦት፣ ሁሉም አለ። ደንቡ አንድ ነበር፦ እያንዳንዱ ልጅ ራሱ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ ከፍሎ፣ ተሰናብቶ ይወጣል። እኔ ደጅ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

አገር ቤት የሄዱት ልጆች ላብ በላብ ሆኑ። አንዱ ነጋዴዋን «ቀንስልኝ» አላቸው፤ ደንግጦ «ቀንሺልኝ» አለ፤ በመጨረሻ «ይቀንሱልኝ» ላይ ሲደርስ ሴትዮዋ እየሳቁ አምስት ሺሊንግ ቀነሱለት። ባዶ ወረቀት የሰጠችኝ ልጅ ተራዋ ደረሰ። እናቷ በየቀኑ ወደ ሱቅ የምትልካት እዚያው ኢስሊ ነው። «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ቤት ደኅና ነው?» ብላ ገባች። ግማሽ ኪሎ ምስርና 250 ግራም ኮረሪማ አስመዘነች፤ የሚዛኑን መርፌ በዓይኗ ተከታተለች። ከፍላ ከጨረሰች በኋላ ሳትንቀሳቀስ «ምርቃትስ?» አለች። ነጋዴዋ አንድ ጭብጥ ምስር ጨመሩላት።

ደጅ የቆሙት ልጆች ግራ ገባቸው። «ምርቃት አያቶች የሚሉት አይደለም እንዴ?» አለ አንዱ። ሌላዋ «ጋውን የሚለበስበት ነው» አለች። ሁሉም ልክ ናቸው። ሻጭ ከሚዛኑ በላይ የሚጨምረውም፣ ሽማግሌ ከቃሉ የሚሰጠውም፣ ትምህርት ሲጨረስ የሚደረገውም በአማርኛ አንድ ስም አለው። ከባለሱቅ የሚገኘውን ግን ካልጠየቁ የሚሰጥ ጥቂት ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም ድርሰቱን እንደገና ጻፈ፤ ርዕሱን «እኔ ራሴ የገዛሁት፣ የበላሁትና የተሰናበትኩት» ብዬው ነበር። እርሷ አንድ ገጽ ተኩል ጻፈች። የስንብቱ ክፍል አራት መስመር ነው፦ ነጋዴዋ «እናትሽን ሰላም በይልኝ፤ ያ ነገር ከአገር ቤት ሲመጣ እልክላታለሁ በያት» እንዳሏት፣ እርሷም ያ ነገር ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ «አሜን፣ እነግራታለሁ» ብላ እንደወጣች።

ለነሐሴ ዕረፍት መልመጃ

1. አገር ቤትም ሆናችሁ ናይሮቢ፣ ከአንድ ወጣት ወንድ፣ ከአንዲት ወጣት ሴትና ከአንድ በዕድሜ ከገፉ ሰው አንድ አንድ ዕቃ ግዙ። ያላችኋቸውን ቃል በቃል ጻፉ።

2. አንድ የምግብ ቤት ደረሰኝ አምጡ። ታክሱ የተሰላው ከየትኛው ቁጥር ላይ እንደሆነ አሳዩ።

3. የአንድ ኪሎ ስኳር ዋጋ በሙሉ ኪሎ ሲገዛና በሩብ በሩብ ሲገዛ አወዳድሩ።

4. ትኬቱ ላይ 18፡45 የሚል በረራ አላችሁ። ከሦስት ሰዓት በፊት አየር ማረፊያ መድረስ አለባችሁ፤ መንገዱ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ለሹፌሩ በአማርኛ በስንት ሰዓት ና ትሉታላችሁ? በስዋሂሊስ?

5. ምርቃት ጠይቁ። ከባለሱቅ ከሆነ የተጨመረላችሁን በጭብጥ ወይም በፍሬ ቁጥር፣ ከአያት ከሆነ ስንት ጊዜ «አሜን» እንዳላችሁ ጻፉ። አገር ቤት የማትሄዱ በስልክ ጠይቁ፤ በስልክም ይሰጣል።

ወረቀቶቹን በሦስተኛው ተርም የመጀመሪያ ቅዳሜ እኔ ራሴ እሰበስባለሁ።